ጠርዙ የተሰመረ ፈረሰኛ

ጠጋ ጠጋ በሉ ልጆቼ፤ መደቡ ሰፊ ነው፣ ለሁላችሁም ይበቃል። የምነግራችሁ የሚያስፈራ ነገር ነው። ቢሆንም አጠገባችሁ ነኝና አትስጉ።

ነገሩ የሆነው ንፋስ መውጫ ነው። ወይዘሮ አመተ ሥላሴ የሚባሉ ባልቴት አንድያ ልጃቸው ተሻገር አርብ አመሻሽ ላይ በሥራ ክፍሉ ሞቶ ተገኘባቸው። ቅዳሜ ጠዋት አስከሬኑ ታጥቦ ተኝቷል፣ ለቀስተኛው ግቢውን ሞልቷል፤ መቃብሩ ግን አልተቆፈረም። «ራሱን ነው ያጠፋ» የሚል ወሬ ከሬሳው ቀድሞ ደብሩ ደርሶ ነበር። ራሱን ላጠፋ ደግሞ ፍትሐት የለም። እናትየው የልጃቸውን ሞት ገና በቅጡ አላመኑም፤ ያለ ጸሎት አፈር ሊለብስ መሆኑን ሲሰሙ ግን ከሬሳው አጠገብ ተነሥተው ወደ ግቢው ወጡ።

የተሻገር ሥራ ለከተማችን እንግዳ ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ጦር አሰልፈው፣ ባለ ነጥቧን ዛራ እየጣሉ የሚጫወቱ ወጣቶች አሉ አሉ። አውራ ጣት የሚያህሉ የፕላስቲክ ፈረሰኞቻቸውን በአብሮ አደጉ በኩል ይልካሉ። ተሻገርም ኤርብሩሽ በምትባል፣ ቀለምን በአየር እንደ ጉም በምትነፋ፣ ብዕር በምትመስል መሣሪያ ይቀባቸዋል። የፈረሰኛው ካባ ከታች ድቅድቅ ሰማያዊ ይሆንና ወደ ትከሻው ሲወጣ እየሳሳ፣ እየነጣ፣ የጠዋት ሰማይ ይመስላል። አንዱ ቀለም የት አልቆ ሌላው የት እንደጀመረ ዓይን አይለየውም።

ቀለሙ ቶሎ እሳት በሚይዝ በቲነር ስለሚቀጥን እሳት ወደዚያ ክፍል አይገባም፤ ክብሪት እንኳ ደጅ ይቀር ነበር። ያን ዕለት ግን ባለቤቱ ፈትለወርቅ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከገበያ ተመልሳ በሩን ስትከፍት፣ መሀል ወለሉ ላይ የከሰል ምድጃ ተቀምጧል። መስኮቱ እንደ ወትሮው አቧራ እንዳያስገባ በጨርቅ ተጠቅጥቋል። ተሻገር አልጋው ላይ እንደተጋደመ ቀዝቅዟል። የከሰል ጢስ በተዘጋ ቤት ምን እንደሚሠራ ደገኛው ሁሉ ያውቃል። «እሳቱን ከእሱ በቀር ማን ያስገባዋል?» ተባለ።

ኢንስፔክተር መሰረት የተባለች አጭር፣ ዝምተኛ ሴት ከፖሊስ መጣች። መጀመሪያ የደብሩን መምህር መርጌታ ቀለመ ወርቅን እጅ ነስታ፣ «የኔታ፣ እስከ ስድስት ሰዓት ይታገሡኝ» አለቻቸው።

«ሕግ ነው፣ ልጄ። እስከ ስድስት ግን እጠብቃለሁ።»

ወይዘሮ አመተ ፀሐዩን አዩ። ሦስት ሰዓት ቀርቷል።

ፈትለወርቅ ምድጃው የራሷ ማጀት ምድጃ መሆኑን ሳትደብቅ ተናገረች። ሁለት ሌሊት ሳይተኛ ሲሠራ አይታ ጠዋት ተቆጥታው ነበር። ጎማ ጠጋኙ ጎረቤት ባዩም ተጠየቀ፤ ለኤርብሩሹ አየር የሚሞላው ኮምፕረሰር የእሱ ነውና ሰሞኑን መልስልኝ እያለ ይነዘንዘው ነበር። የሟቹ አብሮ አደግና የሥራ ባልደረባ ንጋቱ ደግሞ ዓይኑ በልቅሶ አብጦ ቀረበ። እሱና ተሻገር በልጅነታቸው የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ከመርጌታ አብረው ተምረዋል፤ ንጋቱ እዚያው ጸንቶ ተሻገር ወደ ኤርብሩሹ ሄደ፤ ከአዲስ አበባዎቹ ጋር የሚጻጻፍለት ግን ንጋቱ ነበር።

«ስምንት ሰዓት ላይ ትቼው ወጣሁ» አለ ንጋቱ። «አሥራ አንዱ ፈረሰኞች አልቀው አንዱ ቀርቶት ነበር። ከዚያ እስከ አሥር ሰዓት እማማ ዘንድ ተቀመጥኩ። ሲሠራ ኮምፕረሰሩን ሰምተነዋል፤ ይጠይቋቸው።»

ወይዘሮ አመተ እውነት ነው አሉ። እሳቸው ሲፈትሉ ንጋቱ አጠገባቸው ሆኖ ሲያጫውታቸው ነበር። ለልጄ ውሃ ላቀብለው ብለው ቢነሡ፣ «አይረብሹት እማማ፣ ሥራ ይዟል» ብሎ አስቀመጣቸው።

መሰረት ዝቅ ብላ አጠገባቸው ተቀመጠች። «እናቴ፣ ድምፁ እንዴት እንዴት ነበር?»

«እንዴት ልበልሽ። ሌላ ቀን አንዱን ባዘቶ ፈትዬ ሳልጨርስ ሁለቴ ይጮኻል፤ ደግሞ አምስት ፈትዬም ዝም ነው። አርብ ለታ ግን ሁለት ባዘቶ ስጨርስ ይነሣል፣ ሁለት ስጨርስ ይነሣል። እንደ ማሕሌት ጽናጽል ልኩን አይስት። ‹ዛሬስ ልጄ እጁ ረጋ› ብዬ መረቅሁት።»

ኢንስፔክተሯ ብድግ አለች። ባዩን ይዛ ወደ ክፍሉ ገባች። ጥቂት ቆይቶ ያ ድምፅ ከክፍሉ ተነሣ። የወይዘሮ አመተ እጅ እንዝርት የያዘ ይመስል በራሱ ተንቀሳቀሰ፤ አንድ ባዘቶ፣ ሁለት ባዘቶ። ድምፁ ተመልሶ ተነሣ። ክፍሉ ውስጥ ግን የሚቀባ ሰው አልነበረም። ያኔ ሌላ ፍርሃት ያዛቸው፤ ልጃቸውን የገደለው ከእነዚህ አብረዋቸው ከሚያለቅሱት አንዱ ነው።

ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል መሰረት ሁሉንም ድንኳኑ ውስጥ ሰበሰበች። አሥራ ሁለቱን ፈረሰኞች በትሪ ደርድራ ፊታቸው አኖረች።

«ባዩ፣ ኮምፕረሰርህ ያለ ሰው ይጮኻል?»

«አየር ሲጎድልበት ራሱ ይነሣል፣ ሲሞላ ራሱ ይተኛል። አርብ ጠዋት የቱቦውን መጋጠሚያ እኔው አጥብቄዋለሁ። አሁን ሳየው ግማሽ ዙር ላልቷል።»

«ሰው ሲቀባ አየሩ እንደ እጁ ነው፤ አንዴ ቶሎ ያልቃል፣ አንዴ ይቆያል። ቱቦ ሲያፈስ ግን ልኩ አንድ ነው። እናታችን የሰሙት የልጃቸውን ሥራ ሳይሆን የላላ ቱቦ ነው። አንድ ሰው ተሻገር በሕይወት ያለ እንዲመስል ፈልጓል።» ወደ ሽማግሌው ዞረች። «የኔታ፣ ከእነዚህ ውስጥ እንግዳው የትኛው ነው?»

መርጌታ ትሪውን ወደ ብርሃን ከፍ አድርገው አንድ በአንድ አዩ። አሥራ አንዱ ካባ ድንበር አልነበረውም። አሥራ ሁለተኛው ጠርዝ ላይ ግን እንደ ፀጉር የቀጠነ ጥቁር መስመር ተሰምሯል። ያን አንዱን ለይተው አነሡት።

«ይሄ የተሻገር አይደለም። ‹ሥዕል ያለ አጥር አያድርም› ብዬ ያስተማርሁት እኔ ነኝ። ተሻገር አጥሩን፣ ይህን ጥቁር መስመር፣ ጠልቶ ነው ከእኔ የሄደ። አጥሩን ያልተወ…» አልጨረሱትም።

«ተሻገር ቀለሙ እስኪደርቅ ጋደም አለ» አለች መሰረት በረጋ ድምፅ። «ሁለት ሌሊት ያልተኛ ሰው እንቅልፉ ድንጋይ ነው። ገዳዩ የቀረውን ፈረሰኛ ቀባ፤ ገዳዩ ትቶት ከወጣ በኋላ ተሻገር ራሱ የቀባው እንዲመስል። ኤርብሩሹ ስላልታዘዘለት የተዝረከረከውን ጠርዝ በለመደ እጁ አሰመረው። ቲነሩን ከድኖ ምድጃውን አስገባ፣ ቱቦውን አላላ፣ በሩን ዘጋ። ንጋቱ፣ አሥራ አንዱ ብቻ አልቀው እንደነበር የነገርከኝ አንተ ነህ፤ አሥራ ሁለተኛው ግን የአንተን እጅ ይዟል። አዲስ አበባ ያሉት ተጫዋቾች ይህን ሥራ የአንተ አድርገው ነው የሚያውቁት። ፎቶውን የምትልክላቸው አንተ ነህ። አርብ ጠዋት ተሻገር ስልክህ ላይ ‹ነገ እውነቱን እነግራቸዋለሁ› ብሎ ጽፎልሃል፤ በእሱ ስልክ አንብቤዋለሁ።»

ንጋቱ ወደ መርጌታ እንጂ ወደ እሷ አላየም። «የኔታ፣ ስሜ ሊጠፋ ነበር» አለ።

«ስምህን ብለህ የወንድምህን ነፍስ?» አሉ ሽማግሌው።

ፖሊሶቹ ይዘውት ሲወጡ ወይዘሮ አመተ መንገዱ ላይ ቆሙ። «አጠገቤ ተቀምጠህ ያን ድምፅ ትሰማ ነበር?» አሉት።

ከዚያ በኋላ ነው እንባቸው የመጣው። በሩን ብከፍተው ኖሮ እያሉ መሬት መሬቱን ሲመቱ መሰረት እጃቸውን ያዘች። «ድምፁን በጆሮዎ ባይለኩት ኖሮ ያለ ፍትሐት ይሄድ ነበር፣ እናቴ» አለቻቸው። መርጌታ ጥምጥማቸውን አስተካክለው፣ «መቃብሩ ይቆፈር» አሉ። እናትየው አርብ ለታ የፈተሉትን ክር አወጡ፤ የልጃቸው መግነዝ በእሱ ታሠረ።

ልጆቼ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። አንድ ቀን የምትወዱት ሰው በር ተዘግቶ፣ ሌላው «አይረብሹት» ብሎ ሲያስቀምጣችሁ፣ እኒያን እናት አስታውሷቸው። ተነሡና በሩን አንኳኩ።