በጠመኔ የተሰመረበት ክራር

መምህር ሞገስ ወልድያ ውስጥ በተከራየው ክፍል ወለል ላይ ተዘርሯል። አናቱን የመታው የበር መደገፊያ ድንጋይ አጠገቡ ወድቋል። ዜማ ደራሲ ነበር፤ በዩኒቨርሲቲም የሙዚቃ ንድፈ ሐሳብ ያስተምራል። ሆኖም ስለ እሱ የሚናገር ሰው ቢፈለግ ሦስት ብቻ ተገኘ። ይህ ጉዳዩን የያዘችውን የኢንስፔክተር የሻረግን አንጀት በላው። እሷም ቤቷ ስትገባ የሚጠብቃት የለም።

ከመሸ በኋላ ሬሳውን ያገኘችው ተማሪው የሆነችው ሉብና ነች። ፖሊሶቹ ሊከስሷት ተሰናድተዋል።

«ወላሂ ስደርስ ሞተው ነበር!» አለች እያለቀሰች።

የሥራ ባልደረባው መምህር ሮቤል ግን፣ «ጀምበር ስትጠልቅ ወደ መርሳ ለሰርግ ስሄድ በደጁ አለፍኩ። ክራር ይዞ ትዝታ ይጫወት ነበር። ከዚያ ወዲያ ተደውሎልኝ እስክመለስ ሰርጉ ላይ ነበርኩ» አለ።

አከራይዋ እትዬ ብርቱካን ቀጠሉ፤ «እኔም ከገበያ የገባሁት ያን ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲያ ከዚች ልጅ በቀር የገባ የለም።»

የሻረግ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ክራር ጠጋ ብላ አየችው። ከእያንዳንዱ ክር መቃኛ ተነስቶ መቃኛው እስካረፈበት አግዳሚ እንጨት ድረስ ነጭ መስመር ተሰምሯል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ጠዋት ክፍል ውስጥ አምባሰል ቃኝተው በጠመኔ አሰመሩት» አለች ሉብና። «መቃኛው ትንሽ ከዞረ መስመሩ ይሰበራል፤ ዓይናችሁም ይማር አሉን።»

የሻረግ ሦስቱንም ክፍሉ ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«መምህር ሮቤል፣ እርስዎም ቅኝት ያስተምራሉ። አምባሰልና ትዝታ ይምታታብዎታል?»

«እኔ? በጭራሽ!»

«መስመሮቹን ይዩ። አንዱም አልተሰበረም፤ ክራሩ ከጠዋት ጀምሮ ከአምባሰል አልወጣም። በዚህ ቅኝት ትዝታ አይጫወቱም። ሌላ ክራርም ቤቱ ውስጥ የለም። እንግዲያው የሰሙት ነገር የለም። ሞገስ እስከዚያ ሰዓት በሕይወት ነበር መባሉ የሚጠቅመው ደግሞ ቀደም ብሎ ለገደለው ሰው ነው።»

«ለምን ብዬ እገድለዋለሁ?»

ሉብና ቀና አለች። «እርስዎ በምረቃው በዓል ላይ የእኔ ነው ያሉት ዜማ የመምህር ሞገስ ነበር። እሳቸውም ነገ በተማሪ ፊት እናገራለሁ ብለውኝ ነበር።»

ሮቤል አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለ።

«ለምን ትዝታ አልክ?» አለችው የሻረግ፣ አክብሮቱን ትታ።

«ብቸኛ ሰው ሌላ ምን ይጫወታል ብዬ ነው።»

እትዬ ብርቱካን ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። «ግድግዳ ተጋርተን ስንኖር፣ ምን እንደሚጫወት አንድ ቀን ጆሮ ሰጥቼው አላውቅም።»

ሉብና ነፃ ወጣች። ክራሩን የሚጠይቅ ዘመድ ስላልተገኘ፣ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን ሲጨርስ ለእሷ እንዲሰጣት የሻረግ ቃል ገባችላት።

የሻረግ ቤቷ ስትገባ የእትዬ ብርቱካን ቃል ከአእምሮዋ አልወጣ አለ። ሁልጊዜ የምትዘጋውን በር ወለል አድርጋ ከፈተችው። ከዚያ ጎረቤት ሁሉ እንዲሰማት፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አምባሰል መዝፈን ጀመረች።