የአሻንጉሊቱ ክብደት

ሐሙስ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ ታናሽ እህቴ ከመድረኩ ማማ ላይ ወድቃ ሞተች።

የምትደንሰው ቁመቷን ከሚያህል አሻንጉሊት ጋር ነበር። በጣሪያው መዘውር ያለፈ ገመድ ሁለቱን ያገናኛል፤ እሷ ከማማው ላይ ስትዘል አሻንጉሊቱ ከወለሉ ይነሳል። አሻንጉሊቱ አሸዋ ተሞልቶ ክብደታቸው እኩል ስለሆነ እንደ ላባ ቀስ ብላ ትወርዳለች። አሻንጉሊቱን የሠራው ባሏ ነው፤ ገመዱን ከወገቧ ቀበቶ ጋር የሚያያይዘውን መንጠቆ የሚቆልፈውም እሱ። ከዚያ ሙዚቃውን ከፍቶ ይወጣል፤ እሷም በሩን ገጠም አድርጋ ብቻዋን ትለማመዳለች። የዚያን ቀን ሙዚቃው አልቆ የቲያትሩ ሰዎች ሲገቡ መንጠቆው ክፍት ነበር፤ አሻንጉሊቱም ወለሉ ላይ ተቀምጧል።

እኔና እናቴ ሮጠን ስንደርስ የቲያትሩ ዳይሬክተር ለፖሊስ መርማሪዋ ሻምበል የእህቴን ባል ጥፋተኛ ብሎ እየጠቆማት ነበር።

«ሳይቆልፍ ለቀቃት። ትናንት ሲጣሉ ሰምተናል።»

የእህቴ ባል «ቆልፌያለሁ» እያለ ይደጋግም ነበር። እናቴ ፊቷን አዞረችበት። የእህቴ ተተኪ ዳንሰኛ ግን ትናንት የተጣሉት ባልና ሚስቱ ብቻ እንዳልሆኑ ተናገረች፤ እህቴ አሻንጉሊቱን ይዛ ወደ ሌላ ቲያትር ልትሄድ መሆኗን ለዳይሬክተሩ ነግራው ነበር። ዳይሬክተሩም «አንቺማ ቦታዋን ስትመኚ ኖረሻል» አላት። ሙዚቃው ሲጫወት የት እንደነበሩ ሲጠየቁ ሦስቱም ብቻቸውን ነበሩ።

ሻምበሏ ቀበቶውን ዳሰሰች። በመንጠቆው ዙሪያ ስፌቱ ተተርትሯል፤ እህቴ ወገብ ላይም ሰንበር አለ። ሁሉንም አሻንጉሊቱ ዙሪያ ሰበሰበቻቸው።

«እስቲ ተራ በተራ እጁን ይዛችሁ አስደንሱት።»

ተተኪዋ አንስታ ወዲያው ለቀቀችው። «ምን ነካው? እጁ ድንጋይ ሆኗል።» የእህቴ ባል የአሻንጉሊቱን ክንድ ሲዳብስ ፊቱ አመድ መሰለ። አሸዋ የሚሞላው ሆዱና እግሩ ብቻ ነበር፤ እጁ ባዶ ካልሆነ አይወዛወዝም።

ዳይሬክተሩ አንዴ ነቅነቅ አደረገው። «እንደ ወትሮው ነው። ሰው ሞቶ አሻንጉሊት ታጫውቺናለሽ?»

«እርስዎ ከወንበርዎ ሆነው ያዩታል እንጂ ነክተውት አያውቁም» አለችው ሻምበሏ። «ልጅቷ ስትወድቅ ታስራ ነበር፤ ገመዱ ወገቧን ጎትቷል። ታስራ የምትከሰከሰው አሻንጉሊቱ ባዶ ከሆነ ብቻ ነው። አሁን ግን ሙሉ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው አስቀድሞ አሸዋውን አወጣ፤ ከሞተች በኋላ መንጠቆውን ከፍቶ፣ አሻንጉሊቱን አውርዶ መልሶ ሞላው። በአንገቱ በኩል ሲያፈሰው እጁ ውስጥ ገባ። እነዚህ ሁለቱ ዓይናቸው ቢታሰር እንኳ ይህን አይሳሳቱም።»

ዳይሬክተሩ እናቴን እንጂ ሻምበሏን አላየም። «ዳንሱን የፈጠርኩት እኔ ነኝ» አላት። «ልጅሽ ሌባ ነበረች።»

ዕድሜ ልክ ተፈረደበት። እናቴ ግን ጥፋት እንደሌለበት ብታውቅም አማቿን እስከ ዛሬ ቤቷ አላስገባችውም።