የአንዷለም ፍላሽ

«አንቲቫይረሱን አጥፊው» አለ አንዷለም፣ ፍላሹን ላፕቶፑ ላይ እየሰካ።

ሰብለ አመነታች። ኮምፒውተሩ ቀይ ማስጠንቀቂያ አውጥቶ፣ ፍላሹ ውስጥ አደገኛ ነገር አለ እያለ ነው።

«ተይው፣ እሱ እንደ ሰፈር ውሻ ነው፤ ለዘመድም ለሌባም ይጮኻል። ቡሬ ውስጥ ያላከምኩት ኮምፒውተር አለ? አንዱማ ከዳነ ወዲያ ያለ መብራት ሳምንት ሙሉ ሠርቷል።»

ሳቀች። አንዷለም ሲዋሽ ደስ ይላል። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ነው የተቀመጡት፤ ውሸቱን ከእውነቱ የምለይ እኔ ብቻ ነኝ ትል ነበር።

ነገሩ የመጣው በአባቷ ነው። አጎቷ ያገለገለ ላፕቶፕ ከባሕር ዳር ሲያመጣላት፣ ስክሪኑ ጥግ ላይ ዊንዶውሱ ፈቃድ የለውም የሚል ጽሑፍ ነበረበት። አባቷ ቄስ ገብረሰንበት ምን እንደሚል ጠየቁ፤ እሷም ሳታስብ ተረጎመችላቸው። «የተሰረቀ ነዋ! በእኔ ቤት?» አሉ። ከዚያ ወዲህ ባዩት ቁጥር ሬሳ ይመስል ነጠላ ይጥሉበታል።

አንዷለም ደግሞ ጽሑፉን የሚያጠፋ «አክቲቬተር» የሚባል ፕሮግራም አለኝ አለ። አንቲቫይረሱን አጠፋችው። ጽሑፉም ጠፋ፤ ነጠላውም ተነሳ።

በማግስቱ ላፕቶፑ ውስጥ ያስቀመጠቻቸው ተረቶች አልከፈት አሉ። ክረምቱን ሙሉ በቡሬ ዙሪያ ከሽማግሌዎች የቀዳችው ድምፅ፣ ፍኖተ ሰላም ላይ ለውድድር የምታቀርበው፣ ሁሉም ስሙ ተለውጦ ተቆልፏል። ካልከፈልሽ አይከፈትም የሚል የእንግሊዝኛ መልእክትም ተለጥፎበታል። ከተቀዱት መካከል እማማ ካሰች በፍልሰታ አርፈዋል። ድጋሚ አይቀዱም።

የአይሲቲ መምህሯ መምህር ክንፈሚካኤል ላፕቶፑን ካዩ በኋላ ፋይሎቹን መመለስ እንደማይችሉ ነገሯት። ስክሪኑ ጥግ ላይ የነበረው ጽሑፍ ፋይል አይበላም ነበር አሉ፤ የበላው ጠባቂሽን አጥፊና አስገቢኝ ያለው ፕሮግራም ነው። ሕጋዊው መንገድ ፈቃድ መግዛት ነው፤ ብር ከሌለ ደግሞ ኡቡንቱ የሚባል፣ በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫን፣ በነጻ የሚሰጥ፣ ቢያባዙት የማያስጠይቅ አለ። ሁሉን ጠርገው እሱን ጫኑላት። የጫኑበትን ዲቪዲም ለሌላ ሰው እንድታውሰው ሰጧት።

አንዷለምን ትምህርት ቤቱ በር ላይ አገኘችው።

«ያንተስ ተቆለፈ?»

ጫማውን አየ። «የኔ ላይ ገና አልጫንኩትም።»

«ስንቱን አክሜያለሁ አላልክም?»

«መጀመሪያ ባንች ላይ ልየው ብዬ ነው። የኛ ቤት ላፕቶፕ የወንድሜ እኮ ነው፤ ቢበላሽ ይገለኛል።»

ያን ሁሉ ዓመት በውሸቱ ስትስቅ፣ ለእሷም ይዋሻል ብላ አላሰበችም ነበር።

እሱ ቀጠለ። ተረቶቹ መብራት ሲሄድ ጠፉ ብትል ማን ይመረምራታል? ስሙን ማንሳትም አያስፈልግም። እሷ ጋ ረስቶት የሄደውን ፍላሽም ትስጠው፤ የክፍላቸው ልጅ ሀኒ ዛሬ ልጭንልሽ ብሏት እየጠበቀችው ነው።

«አሁንም?»

«የሷ ላይ ይሠራ ይሆናላ። ሁሉም እንዳንች ዕድለ ቢስ ነው እንዴ?»

ፍላሹን ሰጠችው። ከዚያ ዲቪዲውን ከቦርሳዋ አውጥታ፣ የቤቷን መንገድ ትታ በሀኒ ሰፈር በኩል ታጠፈች። አንዷለም የምትሄድበት ሲገባው ተከተላት፤ መጀመሪያ በቀልድ፣ ቀጥሎ በልምምጥ።

«ስሜን ትጠሪያለሽ እንዴ? ሰብልዬ?»

ሰብለ የሀኒን ቤት የቆርቆሮ በር አንኳኳች።

«ቤቶች» አለች።

ከውስጥ ኮቴ ተሰማ። አንዷለም ከኋላዋ እንደቆመ ታውቃለች፤ ዞራ ግን አላየችውም።