ሰባተኛው ካርድ

ይህን ከሰው ሰምቼው ቢሆን ኖሮ እኔም አላምንም ነበር። ግን ከሰው አልሰማሁትም። እዚያው ነበርኩ፤ እጄም አለበት።

እሑድ ነው። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሃያ። ፀሐይዋ በመስኮቱ ገብታ ወለሉ ላይ ተኝታለች። የጎረቤት ልጆች ግቢ ውስጥ ኳስ ይጫወታሉ። እንዲህ ያለ ነገር በጠራራ ፀሐይ ይመጣል ብሎ የነገረኝ አልነበረም...

ስለ ሥራዬ ትንሽ ልንገራችሁ። ድሮ የላቦራቶሪ ቴርሞሜትሮች በትክክል መለካታቸውን የምፈትሽ ሠራተኛ ነበርኩ። አሁን የክሪፕቶ ማይኒንግ ማሽን እጠግናለሁ። ክፍት የብረት መደርደሪያ ላይ ስድስት ወይም ስምንት ግራፊክስ ካርዶች ተደርድረው ቀን ከሌት ስሌት ይሠራሉ። ባለቤቱ በዚያ ስሌት ዲጂታል ገንዘብ ያገኛል። ሲበላሽ እኔ እጠራለሁ።

ከድሮው ሥራዬ አንድ ልማድ ቀርቶልኛል። ያየሁትን ቁጥር ሁሉ ከነሰዓቱ ደብተር ላይ እጽፋለሁ። እዚህ የማሰፍራቸው ቁጥሮች በሙሉ ከዚያ ደብተር የተገለበጡ ናቸው።

የዚያን ቀን የጠራኝ ታላቅ ወንድሜ ነው። ወንድም ጋሼ ነው የምለው። አባታችን ቶሎ ስለሞተ ያሳደገኝ እሱ ነው።

ማሽኑን የገጠምኩለትም እኔ ነኝ፤ ከሳሎኑ አጠገብ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ስድስት ካርድ። በስልክ ያለኝን አስታውሳለሁ። «የሠራህልኝ ማሽን በሦስት ሳምንት አራቴ ራሱን ሳተ። እኔም ከሱ ተጋብቶብኝ ነው መሰለኝ ጀምሬያለሁ» ብሎ ሳቀ።

እኔም ሳቅኩ።

በሩን የከፈተችልኝ ሚስቱ ናት። እንደ ሌላው ጊዜ አልሳመችኝም። ወደ ውስጥ እያየች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ያንን ነገር ይዘህልኝ ብትሄድ ደስ ይለኛል አለችኝ። እሷ ሁልጊዜ በማሽኑ ጩኸት ትማረር ስለነበር ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም።

አሁን አንድ ነገር ልብ በሉልኝ፤ በኋላ ያስፈልጋችኋል።

ለደንበኞቼ ሁሉ የምጭነው፣ ራሴ የጻፍኩት ጠባቂ ፕሮግራም አለ። ከተመዘገቡት ካርዶች አንዱ ከጠፋ ማሽኑን አጥፍቶ እንደገና ያስነሳዋል። ጥገና ላይ ስሆን እንዳይረብሸኝ ለአንድ ሰዓት አስቆመዋለሁ። ለአንድ ሰዓት ብቻ። ከዚያ ራሱ ተመልሶ ሥራውን ይጀምራል። እንዲህ ያደረግኩት እኔው ነኝ፤ ረስቼ ማሽኑን ያለ ጠባቂ ጥዬው እንዳልሄድ።

8:24 — ጠባቂውን አስቆምኩት። ደብተሬ ላይ ጻፍኩ።

8:26 — ስክሪኑ ላይ የካርዶቹን ዝርዝር ከፈትኩ።

ሰባት።

መደርደሪያውን በጣቴ ቆጠርኩ። ስድስት። ዝርዝሩን ቆጠርኩ። ሰባት...

«እሱን አትንካው» አለ ወንድም ጋሼ ከኋላዬ ቆሞ። «ስድስት ገዝቼ ሰባት ከሆነልኝ ማንን ነው የምከሰው?»

ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጠየቅኩት። ሦስት ሳምንት ሆኖታል አለ። ቢነግረኝ አስተካክዬ ሰባተኛውን የማጠፋበት መስሎት ደብቆኛል።

ሰባተኛውን መስመር በደንብ አየሁት። የካርዱ ስም የሚጻፍበት ቦታ ባዶ ነው። የሚወስደው ኃይል ዜሮ። የማራገቢያው ፍጥነት ዜሮ። ግን ይሠራል፤ ስሌቱን እየጨረሰ ይልካል።

ሙቀቱ 36.8።

ሌሎቹ ስልሳ ሁለት፣ ስልሳ አራት፣ ስልሳ አንድ ይላሉ። ካርድ ሙቀቱን የሚናገረው በሙሉ ቁጥር ነው። ይሄኛው ነጥብ አለው...

የፕሮግራም ስሕተት ነው አልኩ ለራሴ። ለእንዲህ ያለ ስሕተት አንድ መንገድ አለ፤ ካርዶቹን አንድ በአንድ እያወጡ የትኛው ሁለት ጊዜ እንደሚቆጠር ማየት። ብዙ ሰው ማሽኑን አጥፍቶ ነው የሚነቅለው። እኔ ግን ሳላጠፋ እያንዳንዱን ካርድ በትእዛዝ አላቅቄ ነው የምነቅለው። ማሽኑ ከጠፋ ስሕተቱም አብሮ ይጠፋብኛል ብዬ።

8:31 — አንደኛውን ነቀልኩ። የቀረው ስድስት መስመር።

8:38 — ሁለተኛውን። አምስት።

8:45 — ሦስተኛውን ስነቅል ገመዱ ላላ። ጫፉ ተበልቷል። ማሽኑ አራት ጊዜ የጠፋበት ምክንያት ይሄው ነው። ካርዱ ሲቋረጥ ጠባቂው እያየ ያስነሳዋል።

እዚህ ላይ ማቆም ነበረብኝ። የተጠራሁበት ሥራ አልቆ ነበር። ገመዱን ቀይሬ፣ ቡናዬን ጠጥቼ ወደ ቤቴ መሄድ...

አላቆምኩም። አራተኛውን ነቀልኩ። አምስተኛውን።

9:02 — ስድስቱም ካርዶች ጠረጴዛው ላይ ናቸው። ማራገቢያዎቹ በሙሉ ቆሙ። ክፍሏ ውስጥ የልጆቹ የኳስ ድምፅ ብቻ ቀረ።

ስክሪኑ ላይ አንድ መስመር አለ።

36.8።

ስሌቱን ይልካል...

በዚህ መሃል ሚስቱ ከወጥ ቤት ተጣራች። ውኃ ቆሟል፤ ጣሪያው ላይ ያለውን ታንከር ክፈት አለችው። ወንድም ጋሼ እያጉረመረመ በውጪው ደረጃ ወጣ።

እኔ ዓይኔን ከስክሪኑ አላነሳሁም።

36.9።

37.0።

37.2።

ከዚያ ከራሴ በላይ፣ ጣሪያው ላይ፣ ጫማውን ሲጎትት ሰማሁ። ወርዶ ሳሎን ያለው ሶፋ ላይ ዘጭ አለ። ቁጥሩ ቀስ እያለ ወረደ። 37.0... 36.9... 36.8።



«ወንድም ጋሼ፣ እስቲ ድጋሚ ውጣ።»

«ምን ልሠራ?»

«ዝም ብለህ ውጣ።»

በዚህ ዕድሜዬ ልታሯሩጠኝ ነው እያለ ወጣ። 37.2። ወረደ። 36.8። ሁለቱንም ጻፍኩ። ደብተሩ አሁንም አጠገቤ አለ፤ እያየሁት ነው።

9:15 — ቴርሞሜትር እንዳላቸው ጠየቅኩ። ሚስቱ ከመሳቢያ አወጣች። ብብቱ ሥር አስገብቶ ጠበቅን። ጢጥ... ጢጥ...

36.8።

ለሃያ ሁለት ዓመት ቴርሞሜትር ፈትሻለሁ። ሁለት መሣሪያ በአጋጣሚ አንድ ቁጥር ሊያሳይ ይችላል። አንድ ጊዜ። ሦስት ጊዜ አይሆንም።

ወንድሜ ግን ሳቀ። «እኔን ነው እንዴ የሚያሠራኝ? ታዲያ ምነው ደመወዝ የለኝ?»

ሚስቱ አልሳቀችም። እጄን ይዛ ወደ በሩ ሳበችኝ።

«ይወድቃል» አለች በሹክሹክታ።

«ማን?»

«እሱ ነዋ። አራት ጊዜ ወድቋል። እንዳትነግሪው ብሎኝ ነው።»

መቼ መቼ እንደሆነ ጠየቅኳት። አንዱ ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት አካባቢ ነው፤ ጢሙን ሲላጭ፣ አረፋው ግማሽ ፊቱ ላይ እንዳለ። አንዱ ቅዳሜ እኩለ ቀን፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ፤ ሰዎች ናቸው ያነሡት። አንዱ በዕለተ ልደቷ፣ ሻማው ሲለኮስ። የመጨረሻው ያለፈው ሐሙስ፣ ዜና እያየ። ሁልጊዜም ደቂቃ ያህል ቆይቶ ምንም እንዳልሆነ ይነሣል።

የማሽኑን መዝገብ ከፈትኩ።

ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 2:14፤ ማሽኑ ጠፋ፣ ተነሣ። ቅዳሜ፣ 6:03። ሦስተኛውን ቀን ሳነብላት «ልደቴ» አለች። ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2:09።

እያንዳንዱ ጊዜ፣ ከመጥፋት እስከ መነሣት፣ አንድ ደቂቃ ከአሥር ሰከንድ።

በጆሮዬ ሥር ተጠግታ «አጥፋው» አለች።

«እትዬ... እሱን ነው ማጥፋት የሌለብኝ።»

ያኔ ነው ደብተሬን ያየሁት። የመጀመሪያው መስመር። 8:24፣ ጠባቂውን አስቆምኩት።

ስልኬን አየሁ።

9:24።

ቀና ስል ስክሪኑ ላይ ቀይ ጽሑፍ ነበር። እኔው የጻፍኩት ዓረፍተ ነገር። «ስድስት ካርዶች ጠፍተዋል። ማሽኑ ከ60 ሰከንድ በኋላ ጠፍቶ ይነሣል።»

ይነሣል። ግን ካርድ የሌለው ማሽን ሲነሣ የማይኒንግ ፕሮግራሙ አይከፈትም። ምንም ዝርዝር አይመጣም። ካርዶቹ ደግሞ ጠረጴዛው ላይ ናቸው...

አንዱን ካርድ አንሥቼ ገመዱን ፈለግኩ። 48። የትኛው ገመድ የማን እንደሆነ ጠፋኝ። እኔ፣ ሁሉን ነገር በቁጥር የማስቀምጠው ሰውዬ። ካርዱን ጥዬ ወደ ኪቦርዱ ዞርኩ። 31። የማቆሚያውን ትእዛዝ ጻፍኩ። የይለፍ ቃል ጠየቀኝ። 22። ጻፍኩ። ስሕተት ነው አለኝ። በየቀኑ የምጽፈው ቃል ነው። 13።

ወንድም ጋሼ ቴርሞሜትሩን እንደገና ብብቱ ውስጥ ከትቶ፣ ሶፋው ላይ ሆኖ በተከፈተው በር ያየኛል።

«አንተ ልጅ» አለኝ፣ «ምነው ፊትህ አመድ መሰለ?»

ድጋሚ ጻፍኩ። 4።

የመጨረሻዋን ፊደል ስጫን ስክሪኑ ጠቆረ።

ከሳሎን ምንም የመውደቅ ድምፅ አልመጣም። ዝም ብሎ እንደተቀመጠ ነው። የመጣው ሌላ ድምፅ ነው።

ጢጥ... ጢጥ... ጢጥ...

ቴርሞሜትሩ ለክቶ ጨርሷል።

ሚስቱ ደረቱን ስትጫን እኔ ካርዶች እሰካ ነበር። ሰው ይታዘበኛል፤ ወንድሙ እየሞተ ማሽን ይገጥማል ይባላል። ስድስቱን በአምስት ደቂቃ ሰካሁ። አስነሣሁት። ዝርዝሩ መጣ።

ስድስት።

ስድስት ብቻ።

ሐኪሙ ልቡ ነው አለ። ቀድሞ ምልክት አልነበረውም ወይ ብሎ ጠየቀ፤ ራሱን ይስት ነበር አልነው። ራሱን እየነቀነቀ ጻፈ።

ከቀብር ስንመለስ ሚስቱ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ። ከዚያ ወዲህ ምንም ጠይቃኝ አታውቅም።

«አንተ ነህ ያጠፋኸው?»

«ራሱ ነው የጠፋው» አልኳት።

ማሽኑን ወደ ወርክሾፔ ወሰድኩት። ልጥለውም ልሸጠውም አልቻልኩም። በዘጠነኛው ቀን ገመዱን ቀይሬ አስነሣሁት። ጠባቂውን ከሥሩ ነቅዬ አጠፋሁ። መብራት ቢሄድ እንዳይጠፋ ሁለት ባትሪ አገናኘሁለት። ለምን እንዳደረግኩት አትጠይቁኝ።

ስድስት መስመር መጣ።

ከዚያ አንድ ተጨመረ።

ስም የለውም። ኃይል ዜሮ። ማራገቢያ ዜሮ። ሙቀት 17.2።

ስሌት አይልክም። ዝም ብሎ አለ።

ለአርባ ቀን በየሰዓቱ ጻፍኩት። ቀን 17.2። ሌሊት 17.2። ወርክሾፔ በቀን እንደ ምድጃ ይግላል፣ ሌሊት ይቀዘቅዛል፤ እሱ ግን ንቅንቅ አይልም። ሙቀት መለካት ሥራዬ ነበር አላልኳችሁም? ቀንም ሌሊትም፣ በፀሐይም በዝናብም ሙቀቱ የማይለወጥ ቦታ አውቃለሁ። ከላዩ ሁለት ሜትር አፈር ያለበት ቦታ ነው።

በዚያ ተጽናናሁ ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? ቢያንስ የት እንዳለ አውቅ ነበር።

ይህን የምጽፍላችሁ ዛሬ ጠዋት ስለተለወጠ ነው።

2:10 — 17.9።

4:00 — 22.4።

5:30 — 29.0።

ሰባት ሰዓት ላይ 36.8 ደርሶ ቆመ። ስሌት መላክም ጀመረ።

ወደ ሚስቱ ደወልኩ። ደህና ነኝ አለች፣ ልብስ እያጠበች ነው። ምንም አልነገርኳትም።

አሁን ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሃያ ነው። ፀሐይዋ ወለሉ ላይ ናት። አንድ እጄ ስልኬ ላይ ነው፤ አንዱ የማሽኑን የኤሌክትሪክ ገመድ ይዟል። መንቀል እችላለሁ። አንድ ሰከንድ አይፈጅም።

ግን አንድ ጊዜ አጥፍቼዋለሁ። ወንድሜ ነው...

36.9።

ወርክሾፔ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍት የለውም፤ በደረጃ ብቻ ነው የሚወጣው።

37.0።

37.2።