ስድስተኛው ቤት

በፈረንጆቹ 1992 መጀመሪያ የባሕሩ ነፋስና ዝናብ እስራኤል ያለችውን ጊቫት ኦልጋን ሦስት ቀን ሙሉ ሲደበድባት፣ ምድር ቤት የሚኖረው ሁሉ ፍራሹን ተሸክሞ ፎቅ ወጣ። ለእነ አለልኝ የደረሳቸው ሦስተኛ ፎቅ፣ የወይዘሮ ደጅቱ ቤት ነበር። ልጃቸው ጥሩአለም ደስታዋን መደበቂያ አጣች። አብረው በሚሠሩበት ብርቱካን ማሸጊያ ውስጥ በስርቆት ስታየው የከረመችውን ልጅ ጎርፉ ራሱ ቤቷ አምጥቶላታል።

«ሁሉም እዚሁ ተሰብስቧል፤ ልንጋባ መፈለጋችንን ዛሬ ልንገራቸው?» አላት አለልኝ፣ ባልዲ የሚቀበላት መስሎ ጠጋ ብሎ።

«ራክ ሬጋ! ትንሽ ቆይ፣ ነፋሱ ይብረድ።»

«ነፋሱ ከበረደማ እኛም ወረድን።»

ሳቀች። እውነቱን ነው።

ከምሳ በኋላ ለአባቱ ነገራቸው። አባ አዝመራው አልተቆጡም። ራዲዮኑን አስጠፍተው ከወይዘሮ ደጅቱ ጋር ዘር ሊቆጥሩ ተቀመጡ። ሰባት ቤት ካልተራራቁ መጋባት የለም። ደግነቱ እነ አለልኝ ከወገራ፣ እነ ጥሩአለም ከደምቢያ ናቸው፤ ዝምድና ይኖራል ብሎ የጠረጠረ አልነበረም። አገር ቤት በሽማግሌ ምልልስ ወራት የሚፈጀውን ነገር፣ ዝናቡ ሁሉንም አንድ ክፍል አጉሮ በአንድ ከሰዓት አስጨረሰው።

«አራተኛችን ፈጠነ የሚባለው ነው» አሉ አባ አዝመራው።

«የእኛ መኮንን» አሉ ወይዘሮ ደጅቱ።

ጥሩአለም ግድግዳውን ተደግፋ በጣቷ ትቆጥራለች። አምስተኛው ሲያልፍ ልቧ ቀለል አላት።

«ስድስተኛዋ ብዙአለም» አሉ አባ አዝመራው። «ውርጭ እህሉን የጨረሰ ዓመት፣ ልጇን ወገራ ትታ የተሰደደችው።»

ወይዘሮ ደጅቱ ቀና ብለው አዩአቸው። «የተሰደደችው ወደኛ ነው፣ አያ አዝመራው። ደምቢያ አግብታ ወለደች። የእኛም ስድስተኛ እሷው ናት።»

ሁለት ጊዜ ደግመው ቆጠሩት። ያው ነው።

«ዳይ፣ ይብቃ አባዬ! እዚህ አገር ማን ይቆጥራል?» አለ አለልኝ።

«አገር ቀየርን እንጂ ደም አልቀየርንም፣ ልጄ።»

አለልኝ ወደ ደረጃው ሲወጣ ጥሩአለም ተከተለችው። «ተል አቪቭ እንሂድ» አላት።

መሄድ ፈለገች፤ አጥብቃ ፈለገች። «እናቴ ከሰው ፊት እንዴት ትቁም? ሠርጋችን ላይስ ማን ይመጣል?» አለችው። እጇን ይዞ ብዙ ቆየ፤ ከዚያ ራሷ አስለቀቀችው።

በአራተኛው ቀን ዝናቡ አባራ። አለልኝ ፍራሹን ተሸክሞ ሲወጣ ወይዘሮ ደጅቱ አቅፈው ሳሙት። «አትጥፋብን፤ ከእንግዲህ ወንድሟ ነህ» አሉት።

አልጠፋም። በሳምንቱ ጠያቂ ሆኖ መጣ። እናቷም ሻይ አቀረቡላቸውና፣ ምንም ሳይሰጉ፣ ሁለቱን ብቻቸውን ትተው ገበያ ወረዱ። ጥሩአለም እንደዚያን ቀን አልቅሳ አታውቅም።