ሃምሳ ስምንት ገጽ

የፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት ሹም መሰላሉ ሥር ሞቶ ሲገኝ ገና ረፋድ ነበር። ጭንቅላቱ ተፈንክቷል፤ እጁ ላይ አንድ የይግባኝ መዝገብ አለ። ሁሉም «ወድቆ ነው» አሉ። ኢንስፔክተሯ ግን መዝገቡን ስታነሳ ተጠራጠረች። ክሩ ተፈትቷል። ሟቹን «አባ ክር» ያሉት ያልተሰፋ መዝገብ ከጠረጴዛው ስለማያነሳ ነው፤ እንዲህ የተፈታ ይዞ መሰላል አይወጣም። ገጾቹን ለብቻዋ ቆጥራ መዝገቡን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ኮሪደሩ ላይ አንዲት እናት ተቀምጠዋል። ልጃቸው በዚሁ መዝገብ ስምንት ዓመት ተፈርዶበት ታስሯል።

«እማማ፣ ይግባኙ መቼ ነው?»

«ነገ። ብቻ መዝገቡ ጠፋ እንዳትዪኝ፣ ልጄ።»

በዚያ ጠዋት መዝገብ ቤት የገቡት ሦስት ሰዎች ናቸው። ለየብቻ ጠርታ አንድ ነገር ጠየቀቻቸው፤ መዝገቡ ስንት ገጽ ነው?

«ስልሳ ሁለት» አለች የችሎት ጸሐፊዋ። «ባለፈው ሳምንት ቆጥሬ ነው ያስረከብኩት፤ የአባ ክር ፊርማ ይኸው።»

«እኔ ምን አውቄ!» አለ የእስረኛው ጠበቃ። «ኮፒ ስጡኝ እያልኩ ስመላለስ እግሬ ቀጠነ!»

የሟቹ ምክትል አፍታም አልቆየ። «ሃምሳ ስምንት።»

«መቼ አዩት?»

«ኧረ እኔ ዘንድሮ ነክቼውም አላውቅ!»

ከምሳ በኋላ እናትየውን ጨምራ ሁሉንም መዝገብ ቤት ሰበሰበቻቸው።

«ይህ መዝገብ ከፍርዱ ቀን እስካለፈው ሳምንት ስልሳ ሁለት ገጽ ነበር» አለች። «ዛሬ አራት ጎድሏል። ቀሪውን የቆጠርኩት እኔ ነኝ፤ ለማንም አልተናገርኩም። ሌላ የሚያውቅ ቢኖር አራቱን የመዘዘው ሰው ነው። ምክትል፣ የመዝገብ ቤት ሰው ነዎትና ገጽ ሳይቆጥሩ መዝጋት አልሆነልዎትም! ከማውጫው ጋር ሳስተያየው የጎደለው በእጅ የተጻፈው የምስክር ቃል ነው። ያን ጊዜ በታይፕ የገለበጡት እርስዎ ነዎት፤ ፊርማዎ አለበት። ምን አበላሽተው ነው?»

ምክትሉ አንገቱን ደፋ። «ምስክሩ ያለው ‹አላየሁትም› ነው። እኔ ‹አየሁት› ብዬ ገለበጥኩት። በስህተት ነው! አባ ክር ዛሬ ሲያመሳክር ደረሰበት። ለዳኛው እናገራለሁ ሲለኝ ገፈተርኩት፤ የብረት መደርደሪያው መታው። የወደቀ እንዲመስል መሰላሉን አስጠግቼ መዝገቡን እጁ ላይ አኖርኩ።»

«ወረቀቶቹንስ? አቃጠልካቸው?» አንቱታው ቀረ።

ምክትሉ እንደተሰደበ ሰው ቀና አለ። «የፍርድ ቤት ወረቀት? ሃያ ዓመት ስሠራ አንዲት ገጽ አጥፍቼ አላውቅም! እዚያ ከላይ ካለው የተዘጋ መዝገብ ጋር ሰፍቻቸዋለሁ።»

«ለወረቀት ራራህ!» ጮኸች ኢንስፔክተሯ። «ለሰውስ?»

ጸሐፊዋ መዝገቡን አውርዳ ገለጠች፤ «አላየሁትም» ብላ አነበበች። እናትየው አስደገሟት። ከዚያ ተነሥተው ምክትሉ ፊት ቆሙ።

«አንተ ሰው፣ ይቺን አንዲት ቃል አስተካክሎ ለመጻፍ ስንት ደቂቃ ይፈጅብህ ነበር?»