ጓድ ሸዋረጋ የቀረችበት ስብሰባ

የፖሊሱ ሻምበል ሐብተ ማርያም ከእንግዳ ማረፊያው ሲደርስ ጓድ ሸዋረጋ አልጋዋ ላይ በጀርባዋ ተጋድማ ነበር። ፊቷ ቀላ ስላለ የሞተች አትመስልም። ካልጋው አጠገብ የከሰል ምድጃ ተቀምጧል። የሐምሌ ብርድ ነው፤ ከሰል አፍኗት ነው ብሎ ሰው ሁሉ ተስማምቷል። ሻምበሉም ቢስማማ በወደደ። ልጁ ከግንባር ድምፁ ከጠፋ ወዲህ ሥራውን የሚሠራው እጁ ስለለመደው ብቻ ነበር።

ሸዋረጋ የጭልጋ ገበሬ ልጅ ናት። ፊደል የቆጠረችው በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ፣ ወልዳ ከብዳ ነው። ከዚያ የቀበሌ ሴቶች ማኅበርን መራች፤ ቀጥሎ የአውራጃውን፤ በመጨረሻ ለሰሜን ጎንደር ሸንጎ ተመረጠች። እሷ ስትናገር አዳራሹ ውስጥ የሚያንቀላፋ አልነበረም። ዓምና የውትድርናው ምልመላ እንዲጸድቅ አጥብቃ የተከራከረችውም እሷ ናት። ዛሬ ረፋዱ ላይ ሸንጎው ስለ አዲሱ ዙር ሊነጋገር ተጠርቷል።

ሻምበሉ ክፍሉን አየ። የቀኝ ጉልበቷ በፋሻ ተጠምጥሟል። መስኮቱ ዝግ ነው። ምድጃው ውስጥ አመዱ መሐል ግማሽ ጎናቸው ያልነደደ ጥቋቁር ከሰሎች አሉ። ከብርድ ልብሱ በላይ ነጠላ ለብሳለች፤ ጥለቱ አንገቷ ሥር ነው። እዚያ ላይ ዓይኑ ቆየ።

መጀመሪያ ዘበኛውን ጠየቀ።

«አያ ክንዱ፣ ምድጃውን ማን አስገባው?»

«እኔ ነኝ ጌታዬ። ውጭ አቀጣጥዬ፣ ፍም ብቻ ሲሆን ነው ያስገባሁት። መስኮቱንም ገርበብ አድርጌ ትቸዋለሁ። ጧት ስገባ ግን ዝግ ነበር፤ ምንም አልነካሁም።»

ባሏ መምህር መለሰ ያለቀሰበት ዓይኑ አብጦ ቁጭ ብሏል። ማምሻውን ከሸንጎው ጸሐፊ ከወልደኢየሱስ ጋር በአንድ ማኪና ወደ አዘዞ ሄዶ እዚያው እንዳደረ ተናገረ። ጉልበቷ ከማኪና ስትወርድ ስለዞረባት ያለ ደጋፊ እንደማትነሳም ነገረው። ወልደኢየሱስም ያንኑ አለ። ከመሄዳቸው በፊት ከሟች ጋር ተጨቃጭቆ እንደነበር ግን ዘበኛው ሰምቷል። በምን ጉዳይ እንደሆነ ሲጠየቅ የሸንጎ ምሥጢር ነው ብሎ ዘጋ።

የሸዋረጋ የልብ ወዳጅ ደብሪቱ የማኅበሩ ምክትል ናት፤ ጎን ካለው ክፍል ነበር ያደረችው። ከደጅ ሆና ደኅና እደሪ እንዳለቻት፣ ከዚያ በኋላ እንዳልገባች በዝግታ ተናገረች። ሻምበሉ ያደመጣት ነጠላዋን እያየ ነው። ሰው ሞቶባት እንደሆነ ጸሐፊውን ለብቻው ጠየቀው። ከዛሬው ሬሳ በቀር መርዶ የሰማ የለም አለው።

አራቱን ሳሎን ሰበሰባቸው።

«ጓድ ሸዋረጋን የገደላት ሰው ነው» አለ። «በፍሙ ላይ ጥሬ ከሰል ተጨምሯል። መስኮቱም ተዘግቷል። እሷ መነሳት አትችልም። መምህሩና ጸሐፊው ምድጃው ሳይገባ ሄደዋል፤ ማኪናዋ ስትወጣ አያ ክንዱ ገና ከሰል ሲያቀጣጥሉ ነበር። አያ ክንዱ ቢሆኑ ኖሮ መስኮቱን ክፍት ትቸ ነበር አይሉም፤ ብርድ ነው ዝጋልኝ አለችኝ ይሉ ነበር።»

ወደ ደብሪቱ ዞረ። «የለበሰችው ነጠላ ተዘቅዝቋል። ሐዘንተኛ እንዲያ ነው የሚለብሰው። ያለበሳት እጅ ራሱ ሳያስበው የለመደውን አደረገ። እርስዎም አሁን አዘቅዝቀው ነው የለበሱት፤ ግን ዛሬ የጀመሩት አይደለም፤ ጥለቱ አንገትዎ ሥር አድፏል። የኔዋም ሚስት የልጃችን መርዶ ሳይመጣ እንዲህ መልበስ ጀምራለች። ማን ሞተብዎ?»

ደብሪቱ አልካደችም።

«ዓለምነው። አንድ ልጄ። ከግንባር የተመለሰ ልጅ ነገረኝ፤ በግልጥ ማልቀስ አልተፈቀደልኝም። ዓምና እግሯ ሥር ወድቄ ለምኛት ነበር። የወዳጄን ልጅ ካስቀረሁ ለሌሎቹ እናቶች ምን እላለሁ አለችኝ። ዛሬ ደግሞ ልትደግመው ነበር። ከሰሉን ስጨምር ተኝታ ነበር፤ አልተሰማትም። ብርዱ ግን አሳሰበኝና አለበስኳት።»

ወልደኢየሱስ ቀና አለ። ሁሉም ያየው ጀመር።

«ልትደግመው አልነበረም» አለ። «የተጨቃጨቅነው በዚህ ነው። በዚህ ዙር እቃወማለሁ አለችኝ። ትታሰሪያለሽ አልኳት። ለማንም እንዳትናገር የለመንኳት እኔ ነኝ።»

መለሰ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ደብሪቱ ጸሐፊውን የማታውቀውን አገር ቋንቋ እንደሚናገር ሰው አየችው። አላለቀሰችም።

ሻምበሉ ወደ ጣቢያ ወሰዳት። ስብሰባው አልተላለፈም። ወልደኢየሱስ ቃሉን ለመስጠት ከሰዓት በኋላ ጣቢያ ሲመጣ ደብሪቱ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ነበር።

«እንዴት ሆነ?» አለችው።

«ጸደቀ» አላት። «በሙሉ ድምፅ።»

ሻምበሉ ብዕሩን አንስቶ ስሟን፣ የአባቷን ስም፣ ዕድሜዋን ጠየቃት። ልጅ አለዎት ወይ ከሚለው ጥያቄ ሲደርስ አላነበበላትም፤ ዘለለው።